በሠላሳ ስድስት ቤት የሚመታ ልብ

እባብ የሚፈራ ሰው አውቃለሁ። ኦሞራቴ ሄዶ አዞ የማይፈራ ሰው ደግሞ አላየሁም። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ የፈራሁት የኮምፒውተሬን አንዲት ቁልፍ ነው። የምትሰርዘዋን። ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን እዘጋና ወደ ሻይ ቤት እሄዳለሁ።

የጥናቴ አማካሪ የሆነው ዶክተር ከሩቅ ከተማ በየጊዜው ይደውልልኛል። "ያቺን የቀረችህን አንድ ሙከራ ሠራሃት?" ይለኛል። በመጀመሪያው ወር መብራት የለም አልኩት። በሁለተኛው ኔትወርክ የለም አልኩት። በሦስተኛው ቫይረስ ገባበት፣ በአራተኛው እኔ ራሴ ታመምኩ። በአምስተኛው የአክስቴ ልጅ አገባች፤ በስድስተኛውም ረስቼው ያችኑ ልጅ ደግሜ ዳርኳት። ዶክተሩ "ባለፈው ወር አግብታ አልነበረም እንዴ?" አለኝ። "አይ፣ ይሄ መልሱ ነው" አልኩት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚባለው እውነት ነው። በስምንተኛው ወር ላይ ስንቄ አለቀ።

የማጠናው ልብን ነው። ጂንካ ላይ እንዲህ ብሎ ማውራት ግን ጣጣ አለው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ይህን እንደሰማ መንገድ ዳር አቁሞ ሸሚዙን ፈታልኝ። "ወንድሜ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም" አልኩት።

"ታዲያ ምንድነህ?"

"በኮምፒውተር ውስጥ ልብ እሠራለሁ።"

ቁልፉን መልሶ እየቆለፈ "ለማን?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ አንድ ቁራጭ ሥጋ ይመስለናል እንጂ የብዙ ሴሎች ሰፈር ነው። አንዷ ሴል ብቻዋን ልብ አይደለችም። የምታውቀው ጎረቤቶቿን ብቻ ነው። ጎረቤቷ ሲነቃ ትነቃለች፣ ለቀጣዩ ታቀብላለች፣ ከዚያ ታርፋለች። ደም ወደ እግር ጣት መርጨት የሚባል ሥራ መኖሩን እንኳ አልሰማችም። ሁሉም እንዲህ ሲቀባበሉ ግን ልብ ድም ይላል፤ ሰውየውም ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይበሳጫል፣ ያፈቅራል። እኔ ይህን የሴሎች ጉርብትና ኮምፒውተር ውስጥ እሠራና ጉርብትናው ሲበላሽ ልቡ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ዶክተሩ ይህን መጀመሪያ ያስተማረን ቀን ሌላው ተማሪ ሁሉ ሲጽፍ እኔ ሳቄ መጣ። የሚያወራው ስለ ሰፈሬ ነበር።

ሰፈራችን ከጂንካ በእግር ሁለት ሰዓት የሚወስድ ተረተር ላይ ናት፤ ሠላሳ ስድስት ቤት። ደቦ የሚጠራው አባቴ ነበር። ጎህ ሲቀድ ደጃፋችን ላይ ቆሞ የአጋዘን ቀንድ ይነፋል። ተረተሩ ጠምዛዛ ስለሆነ የቀንዱ ድምፅ ማዶ አይደርስም። ስለዚህ የቅርቡ ጎረቤት "ሆ!" ይላል፣ እሱን የሰማው ቀጥሎ "ሆ!" ይላል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ቤት ይወርዳል። አንዴ "ሆ" ያለ ሰው ወዲያው አይደግምም፤ ትንፋሽ መሰብሰብ አለበት፣ ሱሪ መታጠቅም አለበት። ጥሪው ወደ ኋላ ሳይመለስ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውም ለዚህ ነው። የልብ ሴልም አንዴ ከነቃች በኋላ ሱሪዋን የምትታጠቅበት ጊዜ አላት፤ ያ ጊዜ ባይኖር ልብ ይቃዥ ነበር። (ደቦው ላይ ድሮ እንደ ጠላ ያለ ቦርዴ ይጠጣ ነበር። አማኙ ሲበዛ ቦርዴው ቀርቶ የቡና ገለባ ፍል፣ ሾፎሮ ሆነ። ሥራው በየትኛው ይፈጥን እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባሉበት አልናገርም።)

እንግዲህ ያኔ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሩቅ ከተማ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ ዶክተሩ "በትንሽ ጀምር፣ ጥቂት ሴሎች ይበቁሃል" ሲለኝ ሠላሳ ስድስት ሴል ሠራሁ። ሌላው ተማሪ ለሴሎቹ ቁጥር ሲሰጥ እኔ ስም ሰጠኋቸው። እያንዳንዱን ቤት በቦታው አስቀመጥኩ። ሴል ሁሉ ማንም ባይጠራው በራሱ የሚነሳበት ሰዓት ስላለው፣ ያንንም እንደየሰዉ ጠባይ ሞላሁት። ፈጣኑ አባቴ ነው። እሱ ቀድሞ ስለሚጠራ ሌሎቹ የራሳቸው ሰዓት ሳይደርስ ይነሳሉ። እናቴ ከአባቴ ጋር አንድ ቤት ስለሆነች በደንቡ የራሷ ሴል አይገባትም ነበር፤ በዘመድ አሠራር ሠላሳ ሰባተኛ አድርጌ አስገባኋት። የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ፦ አገሬ ሲናፍቀኝ ፎቶ አላይም ነበር። ፕሮግራሙን አስነሳና አባቴ ሲበራ፣ ጎረቤቶቹ ተከትለው ሲበሩ እያየሁ እራቴን እበላ ነበር።

ለአባቴም በስልክ ነግሬዋለሁ።

"እኔ እዚያ ውስጥ ምን እሠራለሁ?" አለኝ።

"ትጠራለህ።"

"ማን ይመጣል?"

"ሁሉም።"

"ዮሐንስም ይመጣል?" አለኝ፤ ከደቦ መቅረት የሚያበዙትን ጎረቤታችንን ማለቱ ነው።

"ዮሐንስም ይመጣል።"

"እንግዲያ የኛ ሰፈር አይደለም" ብሎ ሳቀ። ከዚያ "አንተስ አለህበት?" አለኝ።

"እኔማ ሠሪው ነኝ፣ አባባ። እኔ የለሁበትም።"

"እንዲያ ከሆነ ደቦው አንድ ሰው ጎድሎበታል" አለ።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። መርዶውን ሰምቼ ስመጣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ኮንሶ ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። ስደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር። የክፍል ትምህርቴን ጨርሼ ጂንካ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላም ጥናቴ ላይ አንድ ሙከራ ቀረችኝ፤ ዶክተሩ የሚጠይቀኝ ያችኑ ነው። ቀድሞ የሚነሳው ሴል ቢወጣ ልቡ ምን ይሆናል? ሙከራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አባቴን ከዝርዝሩ መሰረዝ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አባቴ ያለበት ቦታ ያ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ተረተሩ ላይ ግን ቀንዱን የሚነፋ ጠፋ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አደራበት። ሰዉ ሁሉ ዶማውን ይዞ "አንድ ሰው ይጠራል" እያለ ይጠብቃል፤ የሚጠራ የለም። እያንዳንዱ ጎደሬውን ብቻውን ይኮተኩታል፣ ወገቡን ይዞ ብቻውን ያቃስታል።

ከዚያች ሙከራ ለመሸሽ ሌላ ሙከራ ጀመርኩ፤ መዘዙም የመጣው ከዚህ ነው። ልብ ላይ ጠባሳ ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ኮምፒውተሩ በዕጣ አራት ሴሎች እንዲገድል አዘዝኩት። እንደ ሰው በእንግሊዝኛ ብጽፈው ምን ነበረበት? እኔ ግን ለቋንቋችን ዕድገት ብዬ "ነቃ"፣ "ዐረፈ"፣ "ሞተ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ጂንካ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ እሠራለሁ። ጎረቤታችን አቶ ዮሐንስ ጎደሬያቸውን ሸጠው ሲመለሱ ሰላም ሊሉኝ ከኋላዬ ቀረቡ። ማያው ላይ ያነበቡት "ማርታ፦ ሞታለች" የሚል ነው። ጭናቸውን መትተው ሲሮጡ ማዳመጫዬን እስካወልቅ ገበያው ውጧቸዋል።

እትዬ ማርታ የቅርብ ጎረቤታችን ናት። ያን ቀን ቤቷ ብትኖር ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ እሷ ግን ልጇን ልትጠይቅ ካኮ ሄዳለች። ስልኳም ዝግ ነው። ሰፈርተኛው አስከሬኑ ከካኮ እስኪመጣ ብሎ ድንኳን ጣለ። እኔ እያለከለክሁ ተረተሩን ስወጣ ለቅሶው ደርቷል፤ "ቆዩ፣ ውሸት ነው!" ብዬ ብጮህ ሐዘን ያናወዘኝ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ውሃም ሰጡኝ።

ይህን ጊዜ እትዬ ማርታ ከካኮ ደረሰች። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነውር ነው። እሷም ከራሷ ደጅ ድንኳን ስታይ ጥቅሏን ጣለች፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና "ወየው! ወየው ጉዴ!" እያለች ገባች። ለቀስተኛው ብድግ አለ። ግማሹ በጓሮ እንሰት ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍ አድርገው "በኢየሱስ ስም ውጣ!" አሉ።

እትዬ ማርታ እንባዋን እየጠረገች "ማን ነው የሞተው?" አለች።

የሚደፍር ጠፍቶ ጠፍቶ አቶ ዮሐንስ "አንቺ ነሽ" አሏት።

ተቀመጠች። "መቼ?" አለች።

"ዛሬ ጠዋት። የመምህሩ ኮምፒውተር ነው የተናገረው።"

ዞር ብላ ድንኳኑን አንድ በአንድ ቃኘችው። ከዚያ እንደገና፣ ከመጀመሪያው ይብስ አለቀሰች፤ ለለቅሶዋ ያልመጡትን አይታ ነው። ከሦስቱ ጋር እስከ ዛሬ አትነጋገርም።

ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን ቀረበ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ "ያንን ነገር ይዘህ ና" ተባልኩ። ኮምፒውተሬን ድምፅ ማጉያው በሚሠራበት ሶላር ላይ ሰክቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቱ ተዘጋ። ሰፈሩ ሁሉ አግዳሚ ላይ ወጥቶ በትከሻዬ በኩል ያያል፤ እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እትዬ ማርታን በይፋ ከሞት አስነሳኋት። "አሜን!" ተባለ። ከዚያ ፕሮግራሙን ለቀቅሁት።

አባቴ በራ። ቀጥሎ ማርታ፣ ቀጥሎ ከሷ በታች ያሉት፣ እንዲህ እያለ ብርሃኑ እስከ ተረተሩ ጫፍ ወረደ፤ ጠፋ፤ ደግሞ አባቴ በራ። ከኋላ አንድ ሰው "ይሄ ደቦ ነው እኮ!" ሲል ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አቤቱታ ተጀመረ።

"ቤቴ ላይ ዛፍ የለም፣ ለምን ጨለማ ውስጥ አደረግኸኝ?"

"እያረፉ ነው፤ አሁን ይበራሉ።"

"እኔ ቤት ሥራ ይፈራል ለማለት ነው ወይ ቶሎ የማርፈው?"

ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። "እኔና ዮሐንስ ጎን ለጎን ነን። ጥሪው ግን ከሱ ወደ እኔ አይመጣም፤ በላይ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰኝ። ለምን?"

እውነቱን ተናገርኩ። "በድንበር ከተጣላችሁ ወዲህ እሳቸው 'ሆ' ሲሉ እርስዎ አልሰማሁም ይላሉ። አባባም ይህንን ያውቅ ነበር። መስመሩን ቆርጬዋለሁ።"

ጋሽ ጴጥሮስ ጫማቸውን አዩ። አቶ ዮሐንስ ጣሪያውን አዩ።

እትዬ ማርታ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "እኔን በሕይወት እያለሁ ገደልከኝ። አባትህን ደግሞ ሞቶ እያለ አስነሳኸው። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?"

አባቴ ማያው ላይ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ስለ ዶክተሩ፣ ስለቀረችው ሙከራ፣ ሁለት ጊዜ ስላገባችው የአክስቴ ልጅ ሳይቀር ሁሉንም አወጣሁት። (የአክስቴ ልጅ እዚያው ነበረች። ገና አላገባችም።) "ስምንት ወር ሞከርኩ። አልቻልኩም" አልኩ።

እናቴ ተነሳችና አጠገቤ መጣች። "የቱ ነው የምትነካው?" አለችኝ። ቁልፏን አሳየኋት።

"ይህቺ ናት?"

"እሷ ናት፣ እማዬ።"

"እኛ በእጃችን አፈር አልብሰነዋል። አንተ ኮንሶ ቆመህ አልደረስክም። ላንተ አልተቀበረም።"

"ሁሉም ነገር ቢቆምስ?"

"ሁለት ዓመት ቆመን የለም ወይ?" አለችኝ። ከዚያ የገዛ እጄን ያዘችና ቁልፏ ላይ አደረገችው። "በል ልጄ። እኔ ይዤሃለሁ።"

ነካኋት።

ማያው ጨለመ። ሠላሳ ስድስት ስም በጨለማ። የትምህርቱ መጽሐፍ ሌላ ሴል እንደሚተካ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ተማሪዎቼንም ፈትኜበታለሁ። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ከራሴ ወጥቶ ሄዶ ነበር። አባቴ ናፈቀኝ። እንደ ሕፃን ናፈቀኝ። ሰዉ ወደ ጋሽ ጴጥሮስ ዞረ፤ እሳቸውም ከእንግዲህ የሚጠሩት እሳቸው መሆናቸው ስላልቀረ ኮታቸውን አስተካከሉ። እኔም ያሰብኩት እሳቸውን ነበር። ማያው አሁንም ጨለማ ነው። አንድ ሰው መጸለይ ጀመረ።

ከዚያ በአባቴ ባዶ ቦታ አጠገብ አንዲት ነጥብ በራች። ከሥሯ "እማዬ" ይላል። ከሷ ማርታ ተቀበለች፣ ከማርታ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ የዮሐንስንና የጴጥሮስን የተቆረጠ መስመር ዞሮ እስከ ጫፍ ወረደ። ጠፋ። ረጅም ጊዜ ጨለመ። ደግሞ እናቴ በራች። የአባቴን ያህል አይፈጥንም፤ ግን ይመታል።

"እኔ መስሎኝ" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች "እሱንስ ማን ይቀሰቅሰው ነበር?" አለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ቁጥሩን ስሞላ፣ በጨለማ "ተነሳ እንጂ፣ ሊነጋ ነው" የምትለውን ድምፅ አስታውሼ፣ ከአባቴ ቀጥላ የምትነሳ አድርጌያት ነበር። ቀንዱንም የምታቀብለው እሷ ነበረች። እሱ ቀድሟት ስለሚጠራ የራሷ ሰዓት ደርሶ አያውቅም፤ እኔም ያደረግሁትን ረስቼዋለሁ።

ማታውኑ ለዶክተሩ ደወልኩ። "ሠራኋት" አልኩት። "ምን ሆነ?" አለኝ። "ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ" አልኩት። "ይኸው! ለዚህ ነው ስምንት ወር?" አለኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ያን ሌሊት ጂንካ ወዳለው ኪራይ ቤቴ አልወረድኩም፤ እናቴ ቤት አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ የታመመ ጥጃ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ሳይ እናቴ ሸረሪቱን የጠረገችለትን ቀንድ በሁለት እጇ ይዛ ትነፋለች። ትንፋሿ አጭር ነው። ድምፁ ከግቢያችን እንሰት አላለፈም። ጆሮዋን ወደ ማርታ ቤት አድርጋ ጠበቀች፤ ምንም የለም። እንደገና ነፋች። ምንም የለም። እኔም አብሬያት እጠብቃለሁ፣ አንድ ሰው "ሆ" እስኪል። በእሷና በማርታ ቤት መካከል ሰው ጎድሏል።

ማን እንደጎደለ ለመረዳት ከአንድ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የማይጠበቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ አጥሩ ላይ ወጥቼ፣ ሱሪዬን እንኳ ሳልታጠቅ፣ "ሆ!" አልኩ። ድምፄ መሃሉ ላይ ተሰበረ። ከታች እትዬ ማርታ ሰማችኝና አቀበለችው።